ሳፋው ውስጥ ያለው የደንብ ልብስ

አባባ የምላቸው አያቴ በጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ጭሮ ከተማ ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ በርጩማቸውን አውጥተው፣ ልብሳቸውን ራሳቸው በሳፋ ያጥቡ ነበር። የባጃጅ ልጆች ሲያልፉ «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሴት የለም እንዴ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ግንባር ሳለሁ ማን ያጠበልኝ መሰላችሁ?» ይላሉ።

ወንድሜ ሠራዊቱን ተቀላቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ ቤቱን ካምፕ አደረገው። «ውሃ! ጫማ!» ይለኛል። የደንብ ልብሱን ወርውሮልኝ «ለነገ ይድረስ» ሲለኝ አያቴ ሰሙ።

«አንቺ ተቀመጪ» አሉኝ። ሳፋውን በእግራቸው ገፋ አድርገው እሱ ፊት አቆሙት። «የኔ መቶ አለቃ እንኳ ካልሲውን ራሱ ነበር የሚያጥበው።»

ወንድሜ ፊቱን አጨፍግጎ አጠበ።

አያቴ ባለፈው ሳምንት አረፉ። ወንድሜ ለለቅሶው መጣ። ሰዉ ሲበተን የደንብ ልብሱን ሳፋው ውስጥ ዘፈዘፈና «በይ እንግዲህ» አለኝ። ሁለታችንም ሳናስበው ወደ በርጩማው ዞርን። ማንም የለበትም። እሱ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

ልብሱ ዛሬም እንደተዘፈዘፈ ነው፤ መሽተት ጀምሯል።

አባባ፣ የወንድሜ ፈቃድ ነገ ያልቃል። እኔ አልነካሁትም።