ኢልታ ልጇን ያልቀሰቀሰችበት ጠዋት

ኢልታ ከእኛ ፎቅ በታች ነው የምትኖረው። ሥራዋ አቅመ ደካማ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞሩ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። አንድ የማይለቃት ልማድ አላት፤ የተኛ ሰው አትቀሰቅስም። ሽማግሌው እንቅልፍ ላይ ከሆኑ ገንፎውን ከድና ሌላ ቤት ደርሳ ትመለሳለች። አለቃዋ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች።

እንግዲህ ይህቺው ሴት ናት አንድ ልጇን ጎህ ሳይቀድ ከአልጋ እየጎተተች ስታወጣ የኖረችው። ከተማችን ያላት የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ ደህና ደህናውን ሰዓት ሆኪ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ወስደውታል። በቡድን ለሚንሸራተቱት ሴቶች ልጆች የተረፈው ማንም የማይፈልገው ንጋት ነው። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ብናገር የሚሰማኝ አጥቼ ተቀመጥኩ።

የኢልታ ልጅ ኑፑ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ልጅ ጋር በአንድ ቡድን ይንሸራተታሉ። አሥራ ስድስት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው በረዶው ላይ የሚሄዱት። አንዷ ከጎደለች ሁሉም ይበላሻልና ደንቡ ጥብቅ ነው፤ በውድድር ሰሞን ልምምድ የቀረች ልጅ ቦታዋን ለተጠባባቂ ትለቃለች። ደንቡን ያጸደቅነው እኛው ወላጆች ነን። ኢልታም ከእኛው ጋር እጇን አውጥታለች።

በመጸው ኑፑ ሒሳብ ከአሥር አምስት አመጣች። እዚህ አገር አራት መውደቅ ነው፤ አምስት ደግሞ ለጥቂት መትረፍ። መምህሯ ኢልታን ጠርታ፣ ልጅቷ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ተኝታ እንደምታሳልፈው ነገረቻት። በሚቀጥለው ፈተና ሰባት ካልደረሰች፣ ከልምምድ መልስ አርፍዳ እንድትገባ የተሰጣት ፈቃድ ይቀራል። ኢልታ ይህንኑ ይዛ ወደ አሠልጣኟ ወደ ሚልካ ሄደች። ሚልካ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ጠዋት የማትመጣ ልጅ መያዝ እንደማትችል ቁርጡን ነገረቻት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

በበረዶ ሜዳው ሻይ ቤት ወላጆች በየተራ እንሸጣለን። የእኔና የኢልታ ተራ ደርሶ ቋሊማ ስናሞቅ፣

«ሁለቱንም እሺ ብዬ ወጣሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ክረምቱን ሙሉ ኑፑ መኪና ውስጥ ክፍልፋይ እየሠራች፣ ጫማዋን እያሰረች፣ ዳቦዋን እየጎረሰች ከረመች። የኋላ ኋላ የሒሳብ ፈተናው ሐሙስ፣ ውድድሩ እሁድ ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ልምምድ አለ።

ያን ጠዋት ኢልታ ልትቀሰቅሳት ስትገባ፣ ልጅቷ ጉንጯን መጽሐፉ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ኢልታ የማንቂያውን ደወል አጠፋችው። ትንሽ ትተኛ ብላ ነው፤ ትንሽ ብቻ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትንሿ ጊዜ አለፈች፤ እጇ ግን አልታዘዛትም። እዚያው እንደተቀመጠች ሰማዩ ነጋ።

እኔ በረዶ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ልጄ በኑፑ በኩል እጇን ዘርግታ ባዶ አየር ይዛ ስትዞር አየኋት። ሚልካ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ሰዓቱ አየች። ከዚያ ተጠባባቂዋን ኦናን ጠርታ በቦታው አስገባቻት።

ኢልታ በማግስቱ ሚልካን ለመነቻት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷን አትንኩብኝ አለች።

«ኢልታዬ፣ ለአንቺ ባልፈው ነገ ለሌላዋ ምን እላታለሁ?» አለቻት ሚልካ። «እጅሽን አውጥተሽ የለም እንዴ?»

ኑፑ በሒሳቡ ዘጠኝ አመጣች። መምህሯ በጣም ተደሰተች።

የቀረው ጣጣ የውድድሩ ቀሚስ ነበር። የቡድኑን ቀሚስ በሙሉ የምትሰፋው ኢልታ ናት። የተሰፋው ደግሞ ለአሥራ ስድስት ልጅ ልክ ነው፤ ትርፍ የለም። ኦና ከኑፑ ቀጠን፣ አጠር ያለች ናትና የኑፑ ቀሚስ ለእሷ መጥበብና ማጠር ነበረበት። እኔ ልሥራው ብዬ ወረድኩ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ አላውቅም፣ ግን ዝም ብሎ ማየት አልሆነልኝም። ኢልታ አመስግና ወንበር ሰጠችኝ።

ኦና አፍራ ለልክ አልመጣችም። ኑፑ ራሷ ለብሳው ወንበር ላይ ቆመችና «እኔ እስከዚህ ነኝ፤ እሷ እስከዚህ» እያለች ለእናቷ በጣቷ አሳየቻት። እናትየው አፏ ሙሉ ስፒል ይዛ ጠርዙን ማጠፍ ጀመረች። እኔ ዓይኔን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«እማዬ» አለች ኑፑ፣ ቀጥ ብላ እንደቆመች። «ያን ቀን እኮ ነቅቼ ነበር።»

የኢልታ እጅ ቆመ።

«ደወሉን ስታጠፊው ሰምቻለሁ። ትጠሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ዝም ስትዪ ጊዜ... እማዬ ወሰነች ማለት ነው ብዬ እኔም ዝም አልኩ።»

ኢልታ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ከዚያ መልሳ ጎንበስ አለችና ቀሚሱን በኦና ልክ ማጥበቧን ቀጠለች።