ያልሰማሁት እርማት

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ በባጃጅ እየተመላለስሁ፣ ከልጆቼ ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር እቀመጥ ነበር። መምህር የተናገረውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ርእሱን በቀይ፣ መስመሩን በማስመሪያ። አምስት ሆነን በምናጠናበት ቡድን ውስጥ ደብተሬ ቶሎ የሁሉም ሆነ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ከጎጃም የመጣች ነበረች። ስታትስቲክስ አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ዳግመኛ ከወደቀች ትባረራለች። ይህን እያወቀች ላፕቶፗ ላይ የሌላ ትምህርት አሳይንመንት ትሠራለች፣ ስልኳ ላይ ቴሌግራም ትመልሳለች፣ መሃል ላይ ቀና ብላ ሰሌዳውን ፎቶ ታነሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚ እንጂ!»

«እትዬ ደሞ! እርስዎ እየጻፉልኝ ምን አስጨነቀኝ?» ብላ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች።

ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ግን ላልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የሚፈልገኝ ሰው ክፍል ውስጥ አገኘሁ።

ውጤት ሲወጣ በጥቂት ነጥብ ወደቀች። አንዱን ትልቅ ጥያቄ ከነአካቴው ስታዋለች። ደብተሬን አስከፈተችኝ፤ የሠራችው እኔ የጻፍሁትን እንዳለ ነው።

«መምህሩ ነዋ ያሳሳተን! ማስረጃ አለኝ በቃ!» ፊቷ በራ። ደብተሬን ታቅፋ እኔንም እየጎተተች ቢሮው ወሰደችኝ።

ወጣቱ መምህር ገጹን አየ። «ሰሌዳው ላይ በጠቅላላው ቁጥር አካፍዬ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ናሙና ስለሆነ ከቁጥሩ አንድ ተቀንሶ ነው የሚካፈለው ብዬ ወዲያው በቃል አርሜአለሁ። አብዛኛው ተማሪ አስተካክሎ ሠርቷል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አልሰሙም እንዴ?»

«አልሰማሁም።»

ደብተሬን ዘግቶ በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትሁ። ያንን ትምህርት የተማርን ቀን፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ያለፈውን ሳምንት ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ እያነሳሁ ልኬላታለሁ። «እትዬ ቶሎ ይላኩልኝ» ይላል መልእክቷ። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ክንዷ ክንዴን እየነካ።

የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋን ይዤ መናኸሪያ ሸኘኋት። መኪናው ሊሞላ ሲል፣

«እትዬ፣ ያን ቀን ግን ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

ለአንቺ ገጽ እየላክሁ ነበር ማለት እችል ነበር። ግን ጥፋቱን ያን ሁሉ መንገድ ይዛው ልትሄድ ነው።

«ስልክ እየነካካሁ ነበር» አልኋት።



«እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው ያልሰማሁት» አለች። ሻንጣዋን ከእጄ ወስዳ ወደ መኪናው ገባች።