ባሏ ሳይሞት ባል የሞተባት

ያንን ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ አሶሳ ሲወርድ ልቀበለው የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ በግብርና መሥሪያ ቤታችን ዳታቤዝ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ አብሬው እንድሠራ ተመድቤያለሁ። «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ እጄን ስዘረጋለት ሻንጣውን አስያዘኝና «ባለሙያዋስ የት አለች?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሻንጣውን ግን አልተቀበለኝም።

የተቀጠረበት ሥራ ለገበሬው ምርጥ ዘር የሚታደልበትን የወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነበር። ዳታቤዙ ከመሠራቱ በፊት ንድፉ የሚሣልበት ሶፍትዌር ይዞ መጥቷል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩበትና የምወደው ዓይነት ነው። «ገበሬ» የሚል ሣጥን ትሥላለህ፣ «ማሳ» የሚል ሌላ ሣጥን ትሥላለህ፣ በመካከላቸው መስመር ታሰምራለህ። የመስመሩ ጫፍ እንደ ዶሮ እግር ከተዘረጋ «ብዙ» ማለት ነው፤ አንዲት ጭረት ብቻ ካለበት «አንድ ብቻ» ማለት ነው። አንድ ቀበሌ ብዙ ገበሬ አለው፣ አንድ ገበሬ ብዙ ማሳ ሊኖረው ይችላል። ንድፉ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ዳታቤዙን ራሱ ይፈጥረዋል። ከዚያ በኋላ ያልተሰመረ ነገር ላስገባ ብትል እሺ አይልህም።

ሰውየው ግን የሚሥለው ነገር አልነበረውም። ንድፉን ለሌላ ክልል ሠርቶት፣ የክልሉን ስም ብቻ ቀይሮ ነው ይዞት የመጣው። በመሰብሰቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሲያሳየን ዓይኔ «አባወራ» እና «ሚስት» በሚሉት ሣጥኖች መካከል ባለው መስመር ላይ ቀረ። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ጭረት። አንድ ባል፣ አንድ ሚስት፣ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ የዘር ድርሻ።

እኔ የሁለተኛ ሚስት ልጅ ነኝ። ቤታችን ከባምባሲ ወጣ ብሎ ነው። የአባቴን የመጀመሪያ ሚስት ትልቋ እናቴ እያልኩ ነው ያደግኩት። ትልቋ እናቴ የራሷ ጎጆ፣ የራሷ የማሽላ ማሳ፣ የራሷ ጎተራ አላት፤ እናቴም እንደዚያው። አባቴ በሁለቱ ቤት ይመላለሳል እንጂ የአንዷን እህል ወስዶ ለሌላዋ አይሰጥም። ዘር ሲመጣም እናቶቼ ሁለቱም ተሰልፈው የየራሳቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር።

እጄን አወጣሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቺ መስመር እዚህ አትሠራም። ብዙ ሚስት ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እያንዳንዷም ራሷን የቻለች ቤት አላት።»

«እህቴ፣» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «አንደኛዋ ሚስት ትመዘገባለች፤ ሌሎቹ በጥገኛነት ይገባሉ። ልክ እንደ ልጆች።»

«እናቴ ጥገኛ አይደለም!» አልኩ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ ስናደድ ወንዱና ሴቱ ይምታታብኛል። «የራሱ ቤት አለው! የራሱ ማሳ አለው!»

«‹አላት› ነው የሚባለው፣» አለ። አዳራሹ ሳቀ። አብሮ ከሳቀው ሰው ውስጥ ስንቱ ሁለት እናት እንዳለው አውቃለሁ።

ከስብሰባው በኋላ ብቻውን አግኝቼ ደግሜ ነገርኩት። ጋብቻን ለብቻው ሣጥን እናድርገው፣ ዘሩም ለአባወራ ሳይሆን ለጎጆ ይሰጥ፤ ላፕቶፑን ቢሰጡኝ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ አልኩት። ላፕቶፑን ከደነው። «ሕጉ የሚለው አንድ ሚስት ነው፣» አለኝ።

«እኛ የምናድለው ዘር ነው፤ ሰርግ አይደለም የምናስፈጽመው።»

«አንቺ ንድፍ መሥራት አይደለም የያዝሽው፤ የቤትሽን ጉዳይ ነው።»

ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ አዳመጡኝና «ልጄ፣ ሰውየው ስንት ክልል ሠርቶ የመጣ ነው። አታስቸግሪው» አሉኝ። በማግስቱ የንድፉ ማረጋገጫ ላይ እንድፈርም ሲመጣልኝ አልፈርምም አልኩ። ያለ እኔ ፊርማ ጸደቀ። እኔም ከሥራው ተነሥቼ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራ ሆንኩ።

ዝናቡ ሲቃረብ እደላው ተጀመረ። ሰው ስላነሰ እኔንም ወደ አንድ ቀበሌ ላኩኝ። ከማንጎው ዛፍ ሥር ጄኔሬተር እየጮኸ መረጃ አስገቢው ልጅ በላፕቶፕ ያስተናግዳል። የመጀመሪያዎቹ ሚስቶች እየወሰዱ አለፉ። ሁለተኛዎቹ ሲደርሱ «ቤተሰቡ ወስዷል» ይላል ማሽኑ። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ ይዘው ቆሙ። አንዷ በቋንቋችን በበርታኛ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። እናቴን ታውቃታለች። «ታዲያ እናትሽም እንደ እኔ ባዶዋን ነው የምትመለሰው?» አለችና ጆንያዋን እግሬ ሥር ወረወረችው። ጆንያዋን አንሥቼ አቀበልኳት። ሰውየውን በልቤ ስረግመው ዋልኩ።

ከየቀበሌው ጩኸት ሲበዛ ኃላፊያችን ሰውየውን ጠርተው አስተካክል አሉት። ንድፉን ላለመንካት አንድ ዘዴ አመጣ። በየቀበሌው ላሉ መረጃ አስገቢዎች ስልክ እየደወለ «ሁለተኛ ሚስቶቹን ባል የሞተባት ብላችሁ መዝግቡ፤ ያን ጊዜ ራሷን የቻለች ቤተሰብ ሆና ትገባለች» አላቸው። ሰማሁት። «ይህ ውሸት እኮ ነው!» ስለው «ሶፍትዌሩ ተቀብሎታል» አለኝ።

እውነትም ተቀበለው።

የእናቴ ቀበሌ ተራ ሲደርስ እኔ አሶሳ ነበርኩ። አባቴ ገና በንጋት ቶንጎ ገበያ ሄዷል፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ እንዳሻው ነው። እናቴ ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። መረጃ አስገቢው እንደታዘዘው ስሟን ጠራና የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ባል የሞተባት።» እናቴ አማርኛ ብዙ አትሰማም። «ባል» እና «ሞተ» የሚሉትን ቃላት ግን ታውቃለች።

መንግሥት ከእሷ በፊት የሰማ መሰላት። መኪና ተገልብጧል፣ ወይ መንገድ ላይ አንድ ነገር ደርሶበታል፣ ፊት ለፊት መንገር ፈርተው በዚህ ነገሩኝ ብላ አሰበች። ዘሩን እዚያው ጥላ እየጮኸች ወደ ቤቷ ሮጠች። ልጁ «እትዬ፣ ለወረቀቱ ያህል ነው!» እያለ ቢከተላትም ማን ይስማው? ትልቋ እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ወደቁ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሼሁ ተጠሩ። ታናሽ እህቴ ለእኔ ስትደውል ከልቅሶው የተነሣ ቃሏ አይለይም ነበር። «አባ...» ከማለት ሌላ ምንም አልሰማሁም።

ባምባሲ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያለቀስኩትን ለቅሶ ለማንም አልመኝም። ግማሽ መንገድ ላይ እህቴ እንደገና ደወለች። አባቴ በሞተር ሳይክል ተፈናጦ፣ አንድ ከረጢት ጨው ይዞ ከቶንጎ ተመልሷል። በሩ ላይ የቆመውን ሰው አይቶ «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀ አለችኝ።  እናቴ ስታየው ራሷን ሳተች።

አባቴ በማግስቱ መሥሪያ ቤታችን መጣ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሷል። ተከተልኩት እንጂ ለእኔ ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም። ኃላፊያችን ቢሮ ሲገባ ሰውየው እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ሚስቴ ባል አለው፣» አለ አባቴ በአማርኛ። «እኔ ነኝ።»

ሰውየው ሳቀ። የሳቀው በአማርኛው ይሁን በነገሩ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ስለው ነበር የቆየሁት። «አንተ!» አልኩት። «እናቴ ትናንት ልትሞት ነበር፣ አንተ ትስቃለህ? አንዲት ጭረት ላለመቀየር ብለህ የአገሩን ወንድ ሁሉ ገደልክ! ተነሥ ከዚያ ወንበር፣ አባቴ ይቀመጥበት!»

ኃላፊያችን ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ አባቴን አይተው ተዉት። ሰውየው ተነሣ። አባቴ ግን አልተቀመጠም።

ከዚያ በኋላ አዲሱን ንድፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጋብቻ ራሱን የቻለ ሣጥን ሆነ፤ ከባል በኩል መስመሩ የዶሮ እግር አወጣ፤ ዘሩ ለጎጆ ተሰጠ። ሞተዋል የተባሉትን ወንዶች አንድ በአንድ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ። ሰውየው ሳይሰናበተኝ ሄደ። ቆይቶ ንድፌን ሌላ ቦታ የራሱ አድርጎ እንዳቀረበው ሰማሁ። ደውዬ ልሰድበው ቁጥሩን አወጣሁና ተውኩት፤ እዚያም የሁለተኛ ሚስት ልጆች ይኖራሉ፣ ንድፉ ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው እንጂ ይቅር ብዬው አይደለም። እስካሁንም ይቅር አላልኩትም።

ከብዙ ቀን በኋላ ቤት ስሄድ አባቴን «ተስተካክሏል፣ አሁን በሕይወት አለህ ይላል» አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

«ለመኖር ያንቺን ኮምፒውተር ፈቃድ ልጠይቅ ነው?» አለኝ። ዱላውን አንሥቶ ወደ ትልቋ እናቴ ቤት ሄደ።