አባዬ ለሯጮች ጡሩምባ የነፋ ዕለት

አንዳንድ ጠዋት ከአየር ጤና በኩል የሚመጣ አሮጌ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ረዘም አድርጎ ሲያስጮህ፣ እጄ የያዘውን ትቶ ሳላስበው ወደ ነጠላዬ ይሄዳል። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ አልፈርድባቸውም። አባዬ የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበር፤ በኮልፌ ገና ጎህ ሲቀድ ያ ድምፅ ከተሰማ ከመሀላችን አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነበር።

ክረምት ክረምት፣ የአስፋልቱ ዳር ቦይ ሞልቶ ሲፈስ፣ አባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ካቦርቱን ደርቦ፣ ዝናብ እንዳይገባበት ጡሩምባውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ይወጣ ነበር። በየመታጠፊያው ቆሞ ይነፋና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ተናግሮ ያልፋል። ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀልድም ያውቃል፣ ሰውም ያከብረዋል፤ በጠዋት ሊያገኘው የሚፈልግ ግን አልነበረም።

ከሁሉም አብልጠው የሚሸሹት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበርና፣ አባዬን መንገድ ላይ ሲያዩ፣ ዳቦ ይዞ ሲመጣም እንኳ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ይሻገራሉ። ይህ ነገር አባዬን ይከነክነው ነበር፤ ለእናቴ ደጋግሞ ያነሳላት ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ገና ሲጀምር፣ የረጅም ርቀት ሩጫ በሰፈራችን ሊያልፍ ነው ተባለ፤ ሯጮቹ ከመሀል ከተማ መጥተው 18 ማዞሪያን ዞረው ይመለሳሉ። መንገድ የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞችም ተፈለጉ። በዚያን ጊዜ ማን ፈቃደኛ እንደሆነ የሚወስነው ቀበሌው ራሱ ነበር፤ አባዬ ግን ሳይጠሩት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ለስብሰባ ተወስዶ ኖሮ፣ የቀበሌው ሰዎች ሰውንና አህያውን ከአስፋልት የሚያስወርዱበት ቸግሯቸው ሲያገኛቸው፣ «እኔ ጡሩምባ አለኝ» አላቸው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። እሱ ግን ሌላ ሰው ሆነ፤ ጡሩምባውን በአመድና በሎሚ እየፈተገ፣ አንድ ቀን እንኳ ለደስታ ልንፋው እንጂ፣ ሰውም በእኔ ድምፅ ደስ ብሎት ይውጣ እንጂ ይል ነበር። በዋዜማው በየቤቱ ዞሮ፣ እትዬ ብርቄ ዘንድ ደግሞ ተመላልሶ፣ ነገ ስነፋ ሰው አልሞተም፣ ሯጭ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ሁሉም እሺ አለ።

በማግስቱ የክት ኮቱን ለብሶ ማዞሪያው አጠገብ ቆመ፤ እኔና እናቴም ባልዲ ውሃና የቆርቆሮ ኩባያ ይዘን ከጎኑ ሆንን። የፊተኞቹ ሯጮች ከሩቅ ብቅ ሲሉ ነፋ። ለደስታ የሚነፋ ሌላ ዜማ ግን ከየት ያምጣ፣ የሚያውቀው ያንኑ የለቅሶውን ነው። ጆሮ የለመደውን ከሰማ በኋላ የትናንቱን ማን ያስታውሳል፤ በሮች ተከፋፈቱና ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን እያጣፋ፣ ማን ነው ማን ነው እየተባባለ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። የአውቶቡሱ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ አህያ ነጂዎቹም አህዮቻቸውን ወደ ቦዩ ገፍተው አንገታቸውን ደፉ። ፖሊስ ቢቆምበት እንኳ ያ መንገድ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም። ሯጮቹ ጸጥ ባለ ለቀስተኛ መሀል መጡ፤ ከፊት የነበረው ግራ ገብቶት፣ እየሮጠ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ አየሁት።

አባዬ ጡሩምባውን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው አልሞተም፣ ሯጭ ነው፤ እልል በሉላቸው እንጂ» አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም፤ ነጠላ አዘቅዝቆ እልልታ ነውር ነው። የአባዬን ፊት ማየት አቃተኝ። ያኔ እትዬ ብርቄ፣ ጉንጫቸው በእንባ እንደራሰ፣ ከሰው መሀል ወጥተው ነጠላቸውን ፈተው አስተካክለው ለበሱና፣ «ማንም ካልሞተማ ከዚህ በላይ ምን እልልታ አለ» ብለው አቀለጡት። ሌሎቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተከተሏቸው። አባዬ የመጨረሻው ሯጭ እስኪያልፍ ጉንጩ እስኪያመው ነፋ፤ እትዬ ብርቄም ከጎኑ ቆመው ለሯጮቹ ውሃ ሲያቀብሉ ዋሉ። በአባቴ ያን ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በጋውንም በልጉንም አባዬ አንድ ልማድ አወጣ። ለቅሶ ሲኖር፣ ከመንፋቱ በፊት የእትዬ ብርቄን በር አንኳክቶ «ወይዘሮ ብርቄ፣ ለእርስዎ አይደለም» ይላል፤ እሳቸውም ከውስጥ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ያሰናብቱታል። መንገድ ላይ ሲያዩት መሻገራቸውንም ተዉት።

ሐምሌ ላይ የግርማ መርዶ ለእድሩ ደረሰ። አባዬ ያን ጠዋት ጡሩምባውን ከተሰቀለበት አላወረደውም። በዚያ ዝናብ ቤት ለቤት እየዞረ፣ በር እየቆረቆረ፣ ለእያንዳንዱ በጆሮው ነገረ። የእድሩ ሊቀመንበር ሥርዓት አፈረስክ ብለው ሲቆጡት፣ «ለእርስዎ አይደለም ብዬ ሳስለምዳቸው ከርሜ፣ ዛሬ በምን አፌ ልንፋው» አላቸው። ሊቀመንበሩም ከኋላው ተከተሉት። እትዬ ብርቄ በሩን ሲከፍቱ ሰፈሩ በሙሉ ደጃቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳይወድቁ በፊት የሚይዛቸው እጅ አላጡም።

አሁን በዚያው መንገድ ሩጫ ሲያልፍ፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው የታሸገ ውሃ ያድላሉ፤ ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል፤ ደስ ይላል፣ እኔም ወጥቼ እልል እላለሁ። የእድሩ ወሬ ግን የሚመጣው በስልክ መልእክት ነው። በቀደም አንድ የጎረቤት ልጅ ያረፈ ጊዜ መልእክቱ ለአባላት ሁሉ እኩል ደረሰ፤ እናትየው ጓዳ ያስቀመጡት ስልክም አብሮ ጮኸ።