እንግዶቹ እስኪሄዱ

ጡረታ ስወጣ አርፌ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። ዕድሜዬን በፍራንክፈርት ሆስፒታሎች ስሮጥ የጨረስኩ ነርስ ነኝ፤ ወገቤም ጉልበቴም አልተረፈም። አፌ ግን ጡረታ አልወጣም። አንድ ቀን አንድ ሽቲፍቱንግ፣ ማለት ሀብታም ሰው ለበጎ ሥራ ትቶት በሞተ ገንዘብ የሚተዳደር ድርጅት፣ ስለ ስደተኛ ሕሙማን እንድናገር ጋበዘኝ። ሄድኩና ያልተጠየቅሁትን ተናገርኩ። በእኛ ስም ለሚሠሩ ሌሎች ትሰጣላችሁ፣ እኛ ጥቁሮቹ ራሳችን ለመሠረትነው ማኅበር ግን እጃችሁ አይዘረጋም አልኳቸው። ይቀየሙኛል ስል ጭራሽ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ከእንግዲህ ጥቁሮች ለመሠረቷቸው ማኅበራት የበለጠ እንሰጣለን ብለው ወሰኑ፤ እስቲ አንድ አሳዪን አሉኝ።

የማሳየው ነበረኝ። ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ አንዲት የአገሬ ልጅ የመሠረተችው ክፍል አለ። እሷ የመርካቶ ልጅ ናት፤ ፍሉግሃፈን፣ ማለት አውሮፕላን ማረፊያው፣ የመንገደኞች ምግብ የሚሰናዳበት ቦታ ትሠራለች። ጓደኞቿም እዚያው ናቸው፣ የሚያጸዱ፣ ሻንጣ የሚፈትሹ። ትምህርት ቤት ልጆቹን በጊዜ ይለቃል፣ እናቶቹ ማታ ነው የሚመጡት። እና ሴቶቹ መላ ፈጠሩ። የጠዋት ፈረቃ የሠራችው ከሰዓት የከሰዓቷን ልጆች ትጠብቃለች፣ በሳምንቱ ይገለበጣል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደዚያ ክፍል ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ደሞዝ የሚበላ አንድ ሰው የለም።

ሕንፃው ተሸጠና አዲሱ ባለቤት ኪራዩን ሰቀለው። አዋጥተው አዋጥተው ከሶመር፣ ከፈረንጆቹ በጋ፣ በላይ እንደማይዘልቁ ገባቸው። ክፍሉ ከተዘጋ የከሰዓት ፈረቃ የሚገቡት እናቶች ሥራ ይለቃሉ፣ እሷም ከነሱ አንዷ ናት። ያላት ልጅና ያ ሥራ ነው።

ለጥቁሮች ማኅበራት የሚሰጥ ገንዘብ አለ ብዬ ስነግራት ሳቀች። "እኔን በሰፈሬ ቀይዋ ነበር የሚሉኝ እኮ" አለችኝ። እዚህ አገር ቀይ የሚባል ሰው የለም፣ አርፈሽ ጥቁር ሁኚ አልኳት። ከዚያ አጥብቄ አስጠነቀቅኋት። ሰዎቹ ሲመጡ ሁሉም ነገር እንደ ዘወትሩ ይሁን። የሚወዛወዘው ወንበር ይወዛወዝ፣ ልጆቹም ይጩኹ። ምግብ እንዳትሠሪ። ሁሉንም አንገቷን ደፍታ ሰማችና "እሺ እትዬ" አለች።

ያ እሺ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። እኔም እኮ እዚያው አገር ነው ያደግሁት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ረጅም ዳኛ፣ ከድርጅቱ ቢሮ አንዲት ወጣት ሴት ይዘው መጡ። በሩ ሲከፈት ክፍሉ ጠፋኝ። ወለሉ ላይ የአንዷ ሳሎን ምንጣፍ ተነጥፏል። ሶፋ አምጥተዋል፣ በየት እንዳስገቡት እግዜር ይወቅ። የልጆቹ ሥዕሎች ግድግዳውን አቆሸሹት ተብለው ተነስተው አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው በሩዝ፣ በሥጋ፣ በጣፋጩ ሙሸበክ ተሞልቷል። የእኔ ጾም እንኳ አልተረሳም፣ በሌላ ዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ለብቻው ተቀምጧል። ልጅ የሚባል ግን አንድም የለም።

ደሜ ፈላ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ በአማርኛ ልጆቹስ አልኳት። ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለች መለሰችልኝ፣ አስወጣኋቸው፣ እንግዳ ፊት ይንጫጩ እንዴ አለች።

እንግዶቹ በሉ። ወጣቷ አልቻልኩም ስትል ሳህኗ እንደገና ተሞላ። ዳኛው አፋቸውን ጠረጉና እንዲህ ያለ መስተንግዶ አይቼ አላውቅም አሉ፤ ከዚያ የመጡበትን ጠየቁ። የሚጎድላችሁ ምንድን ነው? እሷም በጥሩ ጀርመንኛ ምንም አልጎደለንም፣ ለአላህ ምስጋና ይግባው፣ ደኅና ነን አለች።

በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኳት። እግሯን ሰብሰብ አደረገችና ለዳኛው ሳምቡሳ ጨመረችላቸው። ሕንፃው ተሸጧል ብዬ ጨዋታ ልጀምር ስል፣ እሱ ይስተካከላል ብላ አቋረጠችኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበል? በገዛ ቤቷ፣ በእንግዳ ፊት፣ እሷ ተቸግራለች ብዬ ልናገርባት አልቻልኩም። ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን አነቃነቅ ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እነዚህ ደኅና ናቸው፣ ለባሰባቸው እንስጥ ማለት ነው።

ተናደድኩባት፣ ከልቤ። ደግሞም ገባኝ፣ መግባቱ የባሰ አናደደኝ። እኔስ ራሴ እንግዳ ሲመጣ ማሞቂያውን ከፍቼ፣ ሲሄድ ዘግቼ በብርድ ልብስ የምቀመጥ አይደለሁ? ችግርን ለእንግዳ ማሳየት እንግዳውን ማስጨነቅ ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ አገር ግን የሚሰጠው ያየውን አይቶ ነው፣ ያላየውን ከየት ያውቃል?

ተነሳን። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እሷም ልትሸኛቸው ተከትላን፣ ወደ ሕንፃው መተላለፊያ ወጣን።

ልጆቹ እዚያ ነበሩ። ወደ ላይ በሚወጣው ደረጃ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ጃኬታቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው በሶፍት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይዘዋል። ድምፅ የለም።

ዳኛው ቆሙና እዚህ ምን ታደርጋላችሁ ብለው ጠየቁ። ትንንሾቹ አንዲት ከፍ ያለች ልጅን አዩ።

"እንግዶቹ እስኪሄዱ እየጠበቅን ነው" አለች በጀርመንኛ።

ለምን ወደ ቤታችሁ አትሄዱም አሏት። ልጅቷን ጥያቄው ግራ አጋባት። ቤት ማንም የለም፣ እናቴ ፍሉግሃፈን ናት አለች። ቀጥላ ዳኛውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

"እንግዶቹ እናንተ ናችሁ? አሁን መግባት እንችላለን?"

ዳኛው ወደ ኋላ ዞሩ። የአገሬ ልጅ ሻርፗን ወደ አፏ ስባ መሬት መሬት ታያለች። እንግዳ ጓዳዋን ያየባት ያህል አፍራለች፤ አሳዘነችኝ። ዳኛው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፣ የሚጎድላችሁ ምንድን ነው? ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ንገሪያቸው አልኳት።

"ይኸው ክፍል ነው" አለች። "ሶመር ላይ እንለቃለን። ከዚያ በኋላ እነዚህ ልጆች የሚውሉት ደረጃ ላይ ነው።"

ዳኛው የክፍሉን በር ከፍተው ይዘው ቆሙ፣ ልጆቹም በእጃቸው ሥር እየተጋፉ፣ እየጮኹ ገቡ። ምንጣፉን በጫማቸው ረገጡት፣ ሶፋው ላይ ዘለሉ። ወጣቷ ሴት ካፖርቷን አወለቀችና ተመልሳ ተቀመጠች።

ኮሚቴው ኪራዩን ሊሸፍን ወሰነ። የተከራከረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ሳልናገረው ቀረሁ። እሷ ግን ወሬውን ከሰማች በኋላም ስልኬን አላነሳችም። ስደውል ዝም፣ ስጽፍ ዝም። በኋላ ራሷ ደወለች። ምስጋናም ሰላምታም ሳታስቀድም፣

"እትዬ፣ ዳኛው ልጆቻችንን ደረጃ ላይ አይተው ምን አሉ?" አለችኝ።

ምንም አላሉም፣ እንደገና መምጣት ይፈልጋሉ አልኳት። እንግዲያው ሲመጡ ልጆቹ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ አለች። ምግብ ግን እሠራለሁ፣ እሱን አይከልክሉኝ።

እሺ አልኳት።