አባዬ የመረጠው ጥይት

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ የካምፎር ቅባት ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ሽታው እኔም ጋ ሲደርስ ጥርሴን ነከስኩ። ሰው ቅባት ሸትቶት ይናደዳል ወይ ትይኝ ይሆናል። እኔ ግን ያ ሁሉ ዓመት አልፎም ተናደድኩ። አባዬ ከነቁጣው መጣብኛ! ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሦስት የሚባለው ሰፈር፣ የቆርቆሮ ቤታችን በር ላይ፣ ቅባቱን እንዳሽለት ቀኝ ትከሻውን ወደ እኔ አዙሮ፣ "ቀስ በይ እንጂ! ሊጥ መሰለሽ?" እያለ።

አባዬ በወጣትነቱ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ የአደን መሪ ነበር። ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ጫካ ለጫካ ይዞ ይዞር ነበር። ተኳሹ እንግዳው ነው፤ የአባዬ ሥራ ትልቅ ጠመንጃ ይዞ ከኋላ መቆምና እንግዳው አቁስሎ የተወውን ጎሽ መጨረስ ነበር። የቆሰለ ጎሽ ዞሮ ሰው ይፈልጋል ይለኝ ነበር። ትዳር ሲይዝ ያንን ትቶ ጅቡቲ ወረደ፣ ወደብ ላይ ጭነት ያስተባብር ጀመር። አንድ ቀን ጭነት የታሰረበት ሰንሰለት ተበጥሶ ቀኝ ትከሻውን መታው። ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለ።

እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች በቤቱ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ ሊሴ የሚሉትን ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሥራ እፈልጋለሁ። እሱ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ ጋሪ የሚገፋውን፣ ጆንያ የሚሸከመውን ሁሉ "እንዲህ አይያዝም!" እያለ ይቆጣል። የሚቆጣው ሲያጣ ወደ እኔ ይዞራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጫቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ቤቱ ሲከተትና መንገዱ ጭር ሲል፣ የድሮ የአደን ጓደኛው መጣ። ጋሼ ነበር የምለው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ይነዳል። ገና ሳይቀመጥ ፊቱ ይስቃል።

"የድሮ አለቃችን የአደን ካምፑን ሊዘጋ ነው" አለ። "ከመዝጋቱ በፊት ላንተና ለእኔ አንድ ጎሽ ፈቃድ አስወጥቶልናል። ጠመንጃም ከሱ ነው። የቱን ጥይት ላዘጋጅለት ብሎሃል።"

ከኪሱ ሁለት ባዶ ቀለሆች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆማቸው። ረጅሙ፣ ግርጌው ላይ ቀለበት ያለው፣ ሦስት ሰባ አምስት የሚሉት ነው። አጭሩ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት። አባዬ ዞሮም አላያቸው።

"ይሄ ይጠየቃል? ሦስት ሰባ አምስት ነዋ!"

ጋሼ የአባዬን ትከሻ አየት አደረገና ዓይኑን ሻዩ ላይ ተከለ። "ዘጠኝ ነጥብ ሦስቱም እኮ ቀላል አይደለም። እርሳሱ ከባድ ነው፣ ጠልቆ ይገባል። ጠመንጃው ወደ ተኳሹ የሚመልሰው ምት ደግሞ ለስለስ ይላል።"

"ለስለስ የሚል ጥይት ለድኩላ ነው።"

"አርባ እርምጃ ላይ ጎሹ ልዩነቱን አያውቀውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ" አለ አባዬ።

በዚሁ ተለያዩ። ጋሼ ጭነት ይዞ በመጣ ቁጥር ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለ አጥንት ያወራሉ፣ ስለ ሣሩ ቁመት ያወራሉ፣ የትኛው እርሳስ ቁጥቋጦ ሲነካ አቅጣጫውን እንደሚስት ያወራሉ። ትከሻ የምትለውን ቃል የሚያወጣ ግን ጠፋ። ጋሼ ትልቁን እዘዝለት ብሎ ለአለቃቸው ለመናገር ፈራ፤ ትንሹን ያዝ ብሎ አባዬን ለመጫንም አፈረ። እኔ መሐል ሆኜ ሻይ እየቀዳሁ እቃጠላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲሄድ የፈለግኩት ለሱ ብቻ ብዬ አልነበረም። ጥቂት ቀን ቁጣ ሳልሰማ ማደር አምሮኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ቬንቲሌተሩ ቆመ፣ ውጭ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ከቆርቆሮው ጋር ያላትማል። እነሱ አሁንም ስለ እርሳስ ክብደት።

"ጥይቱ ምን አደረገ!" ብዬ ጮህኩ። "ትከሻህ ነው እንጂ!"

አባዬ ቀስ ብሎ ተነሣ። መጥረጊያውን አነሣና የእንጨቱን ጫፍ እንደ ጠመንጃ ቀኝ ትከሻው ላይ ደገነው። ሌላውን ጫፍ ወደ ጋሼ አዙሮ "ምታ" አለው።

ጋሼ በመዳፉ ነካ አደረገው።

"ይሄ የድኩላ ነው። የጎሹን ምታ!"

"ተው ወንድሜ።"

"ምታ አልኩህ!"

መታ። "አየሽ?" አለኝ አባዬ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ሻዩን ሊያነሣ ሲል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። ከመጀመሪያውም እንዲያ ያሰበ ይመስል በግራው አነሣው።

ጋሼ ግንባሩን ጠረገ። "አጭሩን ያዝ። ትልቁን እኔ ይዤ ከኋላህ እቆማለሁ።"

ተገላገልን ብዬ ነበር።

"ከኋላ የምቆመው እኔ ነበርኩ" አለ አባዬ። "ለእንግዳ። እዚያ ጫካ እንግዳ ሆኜ አልገባም።"

ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ወይ ፍንክች! ጋሼ ቀለሆቹን ኪሱ ከቶ ወጣ፤ አደኑንም ብቻውን ሄደ።

ሲመለስ የጎሽ ቋንጣ ይዞልን መጣ። አባዬ አንዱን ቁራጭ አፉ ውስጥ እያላመጠ ቆየና "በየትኛው መታኸው?" አለ።

"በዘጠኝ ነጥብ ሦስቱ።"

"ስንት ተኮስክ?"

ጋሼ ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፣ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። "አንድ" አለ።

አባዬ ማላመጡን አቆመ። ካምፑ በዚያው ተዘጋ። ጋሼም ውሎ አድሮ የመኪና ሥራውን ተወ፣ መምጣቱ ቀረ።

ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ለጎረቤት ሠርግ ሸሚዙን እየቆለፍኩለት ነበር። ክንዱን ማንሳት ስለሚያመው ቁልፎቹን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። በራሴ ላይ አሻግሮ መንገዱን እያየ፣

"አጭሩ ይበቃኝ ነበር" አለ።

ይህችን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ጊዜ ጓጉቻለሁ! የምመልስለትንም ብቻዬን ስለማመደው ኖሬያለሁ። እጄ የአንገቱ ቁልፍ ላይ ቆመ።

"አገጭህን ቀና አድርግልኝ" አልኩት።

ቀና አደረገልኝ።