ኤሊ ጥርስ የላትም

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ዓሣ ማጥመድ ጀመርኩ። ዓሣ ወድጄ አይደለም፤ ቤት መዋሉ አላስችል ብሎኝ ነው። ጠዋት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በሚኒባስ ወደ ታችኛው፣ ወደ ሲቀላ እወርድና ከዚያ በእግሬ ወደ ኩልፎ ወንዝ፣ ሙዝ ማሳዎቹ መሀል እገባለሁ። አባያ ሐይቅ ዳር ሄዶ መቀመጥም ይቻል ነበር፤ እዚያ ግን አዞ አለ፣ እኔ ደግሞ ለአንድ ቆሮሶ ዓሣ ብዬ እግሬን የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ይዤላት የምገባውን ዓሣ እያየች "ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረህ መጨረሻህ ይሄ ሆነ?" ትለኛለች። ዓሣውን ግን ትጠብሰዋለች።

የምቀመጥበት ቦታ የአንድ የጋሞ ገበሬ ማሳ ጫፍ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ቢሆን ነው፤ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው። መጀመሪያ ፈቃድ ስጠይቀው "ወንዙ የኔ አይደለም፣ ጋሼ። ጥላው ግን የኔ ነው፤ ይቀመጡ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከያዝኩት ዓሣ አካፍለዋለሁ፣ እሱም ሙዝ ያሸክመኛል። ብዙ አናወራም። ለእኔ የሚስማማኝ እንደዚህ ዓይነት ጉርብትና ነው።

እዚያ ወንዝ ላይ ከሌላው ሰው የምለየው በአንድ ነገር ነበር። ናይለኑ ከመንጠቆው አንገት ላይ እየተንሸራተተ ቢያስቸግረኝ ከጫማ ሰፊ የገዛሁትን ቀይ ክር እጠመጥምበት ጀመር። ሰባት ዙር፣ ከዚያ ቋጠሮ። እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሌላ ሰው አላየሁም፣ በዚህም እኮራ ነበር።

የመጀመሪያዋ ኤሊ የመጣችው ዝናቡ ገብቶ ውሃው በደፈረሰበት ሰሞን ነው። ዓሣ ሲይዝ ናይለኑ ይንዘፈዘፋል፤ የዚያን ቀን ግን ዝም ብሎ ከበደ፣ ውሃ የጠጣ ጆንያ የምጎትት መሰለኝ። ዳር ሳወጣት የሳህን ስፋት ያላት፣ ጭቃ የለበሰች የውሃ ኤሊ ናት። ሽታዋ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አንገቷን እንደ የብስ ኤሊ ወደ ኋላ አትስበውም፤ ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ሥር ትወሽቀዋለች፣ ከዚያ ሳይታሰብ ትዘረጋዋለች። እንጨት ባስጠጋላት ቀጨም አድርጋ ያዘችው፣ አልለቅም አለች። መንጠቆዬ አፏ ጥግ ላይ ተሰክቷል፤ ጫፉ በጉንጯ ወጥቶ ይታያል።

እኔ ባደግሁበት አገር ኤሊ አይበላም፣ እርኩስ ከሚባሉት ነው፤ የሚነካውም የለም። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ሥዕሏን እየሳልኩ "ይህ ቅርፊት ነው፣ ይህ መንጋጋ ነው፣ ኤሊ ጥርስ የላትም" ብዬ አስተምሬአለሁ። በእጄ ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም። ቢላዬን አወጣሁና ናይለኑን ቆረጥኩት። መንጠቆዬን እንደያዘች ውሃው ውስጥ ገባች።

ገበሬው ከሙዙ መሀል ሆኖ ያይ ነበር።

"አይቁረጡት፣ ጋሼ" አለኝ መጥቶ። "ኤሊው ከኋላ ይያዛል፣ አፉ እዚያ አትደርስም። ትንሽ ከቆየ ትከፍታለች፣ ያኔ መንጠቆ ይወጣል።" አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ኤሊን በአንድ ትንፋሽ ወንድም ሴትም ያደርጋታል።

"ብረት እኮ ነው፤ ውሃ ውስጥ ዝጎ ይወድቃል" አልኩት።

"በስንት ቀን?"

"በጥቂት ቀን።"

ይህን የትም አላነበብኩትም። አስተማሪ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ልማዱ ነውና ሰጠሁ። እሱም የተማረ ሰው ያለው ነው ብሎ ተቀበለኝ።

በዚያ ዝናብ ስድስት ሰባት ኤሊዎች ያዝኩ፣ ሁሉንም ቆርጬ ለቀቅሁ። ይባስ ብሎ ነገሩን እንደ ደግነት አወራው ጀመር። "ሌላው ሰው በድንጋይ ይፈነክታቸዋል፣ እኔ ግን ነፍስ ናቸው ብዬ እለቃቸዋለሁ" እላለሁ። ባለቤቴም "ጽድቅ ነው" ትለኛለች። ሐቁን ለመናገር እየተጸየፍኩና እየፈራሁ ነበር። ጽድቁ በኋላ የመጣ ስም ነው።

ኩልፎ ዳር ውሃ በተራ ነው። ተራህ ሲደርስ ቦዩን የዘጋውን ጣውላ ታነሳለህ፣ ማሳህን ታጠጣለህ፣ ለሚቀጥለው ትለቃለህ። ሰዓትህ ካለፈ አለፈ ነው፤ ስለዚህ በተራው ቀን የሚዝረከረክ ሰው የለም። ጣውላው ሥር ቅጠልና ጭቃ ሲጠራቀም ሁሉም እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ይጠርገዋል። በአካፋ ቢቆፍሩት ጣውላው ይሰበራላ።

አንድ ጠዋት ስደርስ ቦዩ ላይ ያገኘሁት የገበሬውን ሚስት ነው። እሱ ማሳው ውስጥ ካለችው ጎጆ ደጅ ላይ ተቀምጧል፣ ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ። ትናንት ተራው ነበር። ውሃው አልሄድ ቢለው እጁን ከጣውላው ሥር አስገባ፣ እዚያ አንድ ነገር አገኘው።

"ምን አገኘህ?"

"ኤሊ" አለ። "ነከሰችኝ።"

ጨርቁን ፈታሁት። አመልካች ጣቱ ሥር አንድ ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው ወደ መዳፉ የተተረተረ። የኤሊ መንጋጋ ይቆነጥጣል፣ ይጨፈልቃል፤ እንዲህ አይበሳም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ አካባቢ አልነበረም። አፏ ላይ ሹል ብረት የያዘች ኤሊ እጁ ሲነካት ተወራጭታ፣ ብረቱም ወደ እጁ እንደዞረ ወዲያው ገባኝ።

"ሐኪም ይየው" አልኩ። ጨርቁንም መልሼ ጠቀለልኩለት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሙ ትምህርቱን ከጨረሰ ብዙ ያልቆየ ወጣት ነው።

"ምን ወጋህ?"

"ኤሊ ነው። ነከሰች።"

ሐኪሙ ቁስሉን ወደ ብርሃኑ አዞረው። "ኤሊ እንዲህ ትበሳለች እንዴ?" አለ፤ ለማን እንዳለው ግልጽ አልነበረም። ገበሬው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ትምህርት አነብ ነበር። ሦስት ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም። ሐኪሙ የተነገረውን ጻፈ፣ አጥቦ አሰረለት፣ መድኃኒት ሰጠው።

በአምስተኛው ቀን እጁ እስከ አንጓው አብጦ ተመልሰን ሄድን። አሁን ሐኪሙ ፊቱ ጠንከር ብሏል። እብጠቱ ሽቅብ ከወጣ ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል፣ እጁም ያሰጋል አለ። ገበሬው "ይህ እጅ እኮ ገጀራ የሚይዘው ነው" ብሎ ብቻ መለሰ። ሙዝ የሚቆረጠው በዚያ እጅ ነው፣ ቦይ የሚጠረገውም፣ ቤቱ የሚኖረውም። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ ሲጠርግ በመቆንጠጫው አንድ ነገር ስቦ አወጣ፤ የጥፍር ርዝመት ያላት ክር ናት። ፋሻው ላይ አስቀመጣት።

"ይሄ ነው ሲያመረቅዝ የከረመው። ከልብሱ ይሆናል" አለ።

ገበሬው የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ነው። ክሯ ቀይ ናት። የዚያን ጊዜም ከልብሱ ነው ብሎ እንዲያስብ ተውኩት። መንጠቆ ነው ብዬ በመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ ሐኪሙ ያኔውኑ ውስጡን ያይ ነበር። ይህን ለማወቅ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

እጁ ዳነ፣ ጣቱም አልተቆረጠም። ግን አይታጠፍም፤ ቀጥ እንዳለ ቀረ። እኔ ወደ ወንዙ መሄድ ተውኩ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ወገቤን አሞኛል አልኳት። ለሁለት ወር ያህል ሴቻ አስፋልት ላይ ከጡረተኞች ጋር ወዲያና ወዲህ ስል ከረምኩ፤ ስለ ኤሊ ያነሳብኝ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ሄድኩ። በዚያው ቀኝ እጁ ሙዝ ሲቆርጥ አገኘሁት፣ ያ ጣት ከገጀራው እጀታ ርቆ ብቻውን ቆሟል። "ወገብዎ ተሻለዎት?" አለኝ። ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁም። ጥላው ሥር ተቀመጥኩ፣ መንጠቆዬንም ጣልኩ። ጥቂት ቆይቶ ናይለኑ ዝም ብሎ ከበደ።

ኤሊዋን ዳር ሳወጣት እሱ አጠገቤ ደርሷል። ቢላ አልያዝኩም፤ ሆን ብዬ ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። "ከኋላ" አለኝ። ያዝኳት። ቅርፊቷ እንደፈራሁት አያሟልጭም፣ ቀዝቃዛ ነው እንጂ። ሽታዋ እጄ ላይ ቀረ፣ ምንም አልሆንኩም። አፏን እስክትከፍት ጠበቅን፤ መንጠቆው በአንድ ዙር ወጣ። የአንድ ሻይ መጠጫ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

እሷን ስንለቃት ወደ ጎጆው ሄዶ ከምሰሶው ስንጥቅ ውስጥ አንድ ነገር ነቅሎ መጣ። መዳፌ ላይ አስቀመጠው። መንጠቆ ነው፣ አንገቱ ላይ በቀይ ክር የተጠመጠመ፤ ከጠመጠምኩት ግማሹ ተፈትቷል። በጭራሽ አልዛገም።

"የእርስዎ ነው" አለ። "እንዳይጠፋ አስቀመጥኩት።"

አፈርኩ። ሥጋዬ ሁሉ አፈረ። "ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ከጣቴ የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን ለሐኪሙ አልነገርከውም?"

ጥያቄው ያስገረመው መሰለ። ጣቱን በሌላው እጁ ትንሽ አሸት አሸት አደረገው።

"እርስዎ አጠገቤ ቆመው ነበራ" አለ። "ይነግሩታል ብዬ ጠበቅሁ።"